አትረብሽም ብዬ የፈረምኩላት ልጅ

እኛ አገር ዝም ያለ ልጅ ካላችሁ ተከበራችሁ ማለት ነው። እንግዳ ሲመጣ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ፣ ትልቅ ሰው ሲያወራ ጣልቃ የማይገባ፣ «ለምን?» ብሎ የማይጠይቅ ልጅ የወለደ ሰው በቀበሌው ሁሉ ስሙ በበጎ ይነሳል። ልጁ ምን እያሰበ እንደሆነ ማን ይጠይቃል? ዝም ካለ ጨዋ ነው፣ አለቀ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ግን የታወቅሁት በስፌቴ ሳይሆን በልጄ በስንዱ ጨዋነት ነበር።

የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ ቤታችን በመጡ ቁጥር ያመሰግኗታል። የሌላው ሰው ልጆች ሲንጫጩ የእኔዋ ትንፍሽ አትልም፤ አፏን አለመፍታቷንም ከጨዋነት ቆጠርንላት። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ እንዲያው እግዜር ሰጥቶን ነው እላለሁ። እውነቱን ልንገራችሁና በሆዴ ከእኔ ወዲያ ልጅ አሳዳጊ ላሳር እያልኩ ነበር።

አንድ የሐምሌ ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። የመንዝን በረዶ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሆናችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ባለቤቴ በላይነሽ ጆሮዋን ይዛ ማርያም ማርያም ትላለች፤ እኔ የስፌት መኪናዬን ትቼ በሩን እገፋለሁ፤ ስንዱ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፎቼን በየቀለማቸው ትለያለች። ቀና እንኳ አላለችም። በላይነሽ መጀመሪያ ልጅቷን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች። በረዶው ሲያባራ ከስንዱ ኋላ ቆማ ሁለት የድስት ክዳን አጋጨች። ልጅቷ ቁልፎቹን መለየቷን ቀጠለች። ለካ ሦስት ዓመት የተኩራራሁበት ጨዋነት አለመስማት ኖሯል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን በእጅ ማውራት ጀመረ። ማን አስተማረን? እሷው ናት። ለሰው ሁሉ የእጅ ስም አወጣች፤ እኔ በሁለት ጣት መርፌ መውጋት ነኝ፣ እናቷ ሻሽ ማጥበቅ፣ የንስሐ አባታችን ጺም መዳበስ። ስም ስታወጣ ደግሞ ምሕረት የላትም፤ የሰውየውን አመል አይታ ነው። ከእኛ በቀር ግን የሚያዋራት ሰው አልነበረም። የጎረቤት ልጆች በሩቁ ያዩዋትና ወደ ጨዋታቸው ይሄዳሉ። እሷም በር ላይ ቆማ ታያቸዋለች፤ ያንን ማየት አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ሰባት ዓመት ሲሞላት ትምህርት ቤት ላስገባት ተነሣሁ። ሰው ሁሉ አማካሪ ሆነ። አንዱ ምን ልትሰማ ትሄዳለች አለኝ። ሌላው ለእንደ እሷ ዓይነቱ ትምህርት ያለው ከተማ ነውና ወስደህ ለዘመድ ስጣት አለኝ። የእጇን ወሬ የምናውቀው በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ነን፤ ታዲያ ከማን ጋር ልታወራ ነው የምሰጣት? እዚሁ ካልገባች ወይ ቤት መቅረቷ ነው፣ ወይ ከእኛ መለየቷ። ስለዚህ አለመስማቷን ሳልናገር ላስመዘግባት ቆረጥኩ። አትፍረዱብኝ።

በእኛ በኩል የልደት ወረቀት የሌለው ልጅ ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው በጆሮው ነው። ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ከነካ ደርሷል፤ ካልነካ ለከርሞ። ጆሮው ይስማ አይስማ የሚጠይቅ የለም። እንዲህ ያለ የሚመቸኝ ሕግ አይቼ አላውቅም አልኩ። ሁለት ሳምንት አለማመድኳት፤ እኔ ስነካ ትነካለች።

የምዝገባው ቀን ጠዋት ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። እኔ ደግሞ ለዚያ ቀን ከባና ብርድ ልብስ ካፖርት ሰፍቼላት ነበር፤ በዚያ ወፍራም የበግ ጠጉር ላይ ገበሩን ድርብ አድርጌ። መዝጋቢው መምህር ጌጡ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ከስተው ሱሪያቸው የሰፋቸው ሰው። በተነሡ በተቀመጡ ቁጥር በሁለት እጃቸው ወገባቸውን ይዘው ሱሪያቸውን ሽቅብ ይስባሉ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ እንደ ጭላዳ ዝንጀሮ በአናቴ ላይ ጆሮዬን ያዝኩ። ስንዱም እጇን አነሣች። የካፖርቱ እጅጌ ግን አልታጠፍም ብሎ አገጯ ጋ ገተራት። ለከርሞ አምጣት አሉኝ። በገዛ መርፌዬ ልጄን ከትምህርት ላስቀራት? ዘልዬ ካፖርቱን አወለቅሁላት፤ ነካች።

አለፍን ስል ስምሽ ማን ነው አሏት። ታፍራለች አልኩ እኔ። እኔ የጠየቅሁት እሷን ነው አሉ። ስንዱ አፋቸውን አየች፣ ሱሪያቸውን አየች፣ እኔን አየችና በእጇ አንድ ነገር ነገረችኝ፤ ሳቄን ዋጥኩ። መምህሩ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ልጅቷ አትሰማም እንዴ አሉኝ። አዎ፣ አትሰማም አልኩ።

መዝገባቸውን ከደን አደረጉት። በምልክት የሚያስተምር ሰው የለንም፣ ሰባ ልጅ በሞላበት ክፍል ምን ትሆናለች አሉ። እኔም ያለችኝን አንዲት ሀብት አወጣሁ። ጨዋ ናት አልኳቸው፤ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፣ ማንንም አትረብሽም፣ እፈርማለሁ። ስናገረው ለራሴ መራራ ነበር፤ ለልጄ የምለምንላት አንድ ጥግ ብቻ ሆነ ማለት ነው። መምህሩ ሱሪያቸውን ሽቅብ ሳቡና፣ እስቲ ትሞክረው ብለው «አትረብሽም» የሚል ጽፈው አስፈረሙኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ወላጅ ይምጣ ተባለ። መባረሯ ነው ብዬ ሄድኩ። መምህር ጌጡ ፊርማዬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጠበቁኝ። የፈረምከው ምንድን ነው አሉኝ። አትረብሽም የሚል ነው አልኩ። ልጅህ ክፍሉን በጠበጠችው አሉ። ለካ ስንዱ ለአጠገቧ ልጅ የእጅ ወሬዋን አስተምራለች፤ ያቺ ለሌላዋ፣ ሌላዋ ለወንድሟ። እሳቸው ወደ ሰሌዳው ዞር ሲሉ ሰባው ልጅ በእጁ ያወራል። ዞረው ሲያዩ ድምፅ የለ፣ ምን ብለው ይቆጡ? እንዲህ ያለ ጸጥ ያለ ረብሻ በማስተማር ዘመኔ አይቼ አላውቅም፣ ወሬ አበዛች አሉኝ።

ወሬ አበዛች! የእኔ ልጅ! ኮስተር ልል ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም፤ እንባዬ መጣ። መምህሩ የተጸጸትኩ መስሏቸው አጽናኑኝ። ማንም አላባረራትም፣ ልናገር ብዬ ነው እንጂ አሉ። እንዲያውም እኔም መማር ሳይኖርብኝ አይቀርም ብለው ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። ለመሆኑ እኔ ስገባ ሁሉም የሚያደርጓት ይህቺ ምልክት ምንድን ናት ብለው በሁለት እጃቸው ወገባቸውን ይዘው ወደ ላይ ሳብ አደረጉ።

ለሁለተኛ ጊዜ ዋሸኋቸው። «ጨዋ» ማለት ነው አልኳቸው።

ደስ አላቸው። አሁን ጠዋት ጠዋት ክፍል ሲገቡ ተማሪዎቻቸውን ሰላም የሚሉት በዚያችው ምልክት ነው አሉ። ባለፈው ቅዳሜ ቀየት ገበያ ከሩቅ አዩኝና፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ሱሪያቸውን በሁለት እጃቸው ሽቅብ ሳብ አደረጉልኝ። ምን አደርጋለሁ? የልጄ መምህር ናቸው፤ እኔም ሱሪዬን በሁለት እጄ ሽቅብ ስቤ እጅ ነሣኋቸው።