ሁለተኛው ብርጭቆ

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ቬርሙት የሚባለውን ቅመም የገባበት የወይን መጠጥ የሚሸጡት እሑድ እሑድ ብቻ ነው፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ሰባት። ቤታቸው ሠራተኛ ሰፈር ቁልቁለቱ ላይ ያለች፣ አራት ጠረጴዛ ብቻ የምትይዝ ግሮሰሪ ናት። በወጣትነታቸው ስፔን አገር ሄደው፣ አንዲት የወይን ነጋዴ ቤት ሠራተኛ ሆነው አሥራ ስምንት ዓመት ኖረዋል። ሌላው ሰው ፍሪጅና ቴሌቪዥን አስጭኖ ሲመለስ፣ እሳቸው አንዲት የእንጨት በርሜልና የእመቤታቸውን ሙያ ይዘው መጡ።

ቬርሙቱ ቀይ ይባል እንጂ የሚሠራው ከነጭ ወይን ነው። ቀረፋ ይገባበታል፣ የብርቱካን ልጣጭ ይገባበታል፣ ከሁሉ በላይ ግን አሪቲ ይገባበታል። ምሬቱ ከሌለ ጣፋጩ ሽሮፕ ነው ይላሉ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል። በርሜሏ ተሟጥጣ አታውቅም፤ ስትጎድል አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጨመርና ይጠበቃል። እስከ መቼ ነው የሚጠበቀው ብሎ ለሚጠይቃቸው፣ “እሱ ራሱ ይናገራል” ነው መልሳቸው።

መጠጡ ከምሳ በፊት ነው የሚጠጣው። አንድ ብርጭቆ፣ በረዶ፣ የብርቱካን ቁራጭ፣ ከላይ ትንሽ አምቦ ውሃ፣ በጎን ሁለት የወይራ ፍሬ። ሥራው ማጥገብ ሳይሆን የምግብ ፍላጎት መክፈት ነው። የተከፈተለት ሰው ቤቱ ሄዶ ይበላል።

እመቤታቸው ያስተማሯቸው አንድ ሕግ ደግሞ ነበር። ሁለተኛ ብርጭቆ የሚጠይቅ ሰው እቤቱ ምሳ ይዞ የሚጠብቀው የለም ማለት ነውና፣ የቤቱ ባለቤት ከራሷ ገበታ ታቀርብለታለች። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ይህን ለእያንዳንዱ ደንበኛ በመጀመሪያው ቀን ይነግራሉ። ሁሉም ይስቃል እንጂ አንድም ሰው ጠይቆ አያውቅም። ማን በአደባባይ ራሱን ደጅ ጠኚ ያደርጋል?

አቶ ልሣነወርቅማ በፍጹም። ሚስታቸውን የቀበሩ፣ ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ድንበር ሲያስከብሩ ኖረው ግሮሰሪዋን ከጓዳዋ የምትለየውን አንዲት መጋረጃ ማለፍ ያቃታቸው። ሰባት ዓመት ሙሉ በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ ተቀምጠው፣ አንዷን ብርጭቆ ጨርሰው፣ አመስግነው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጥተዋል። ቤታቸው ሲደርሱ ዳቦ በሻይ ነው። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል በበኩላቸው “ደህና አድርጎ የሚያበላቸው ሰው ቢኖር ነው” ብለው ደምድመዋል። ሆኖም ከመጋረጃው በስተጀርባ ባለችው ክፍል በየእሑዱ ሁለት ሳህን ይቀመጣል። ድንገት እንግዳ ቢመጣ ብዬ ነው ይላሉ። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ሁለት የራባቸውን ሰዎች በአንድ ጨርቅ ለይቶ ያስቀምጣል።

ባለፈው እሑድ አቶ ልሣነወርቅ ከወትሮው ቀደም ብለው መጡ።

“ነገ ወደ ሐዋሳ እሄዳለሁ” አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ። “ልጄ ና ብላኛለች።”

“ለጥየቃ?”

“ጠቅልዬ ነው።”

ብርቱካን ይቆርጥ የነበረው ቢላ ቆም አለ። “ሐዋሳ ዓሣ አይጠፋም” አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል፣ ቁራጩንም አወፍረው ቆረጡት።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ሌላው ሰው ሁሉ ወጣ። አቶ ልሣነወርቅ ግን ባዶውን ብርጭቆ እንደያዙ ቀሩ። ፈርተው ነበር፤ እንዲህ የፈሩት ለጋብቻ ሽማግሌ ልከው ምላሹን ደጅ ቆመው በጠበቁበት በሃያ አምስት ዓመታቸው ነው።

“ወይዘሮ ዘርፈሽዋል፣ ሁለተኛ ይቅዱልኝ።”

“ሕጉን ያውቁታል አይደል?”

“ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።”

“እቤትዎ የሚጠብቅዎት የለም?”

“ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም።”

“ታዲያ በየሳምንቱ ፍላጎትዎን ከፍቼ ስሰድዎት ምን ያደርጉት ነበር?”

“ይዤው እተኛ ነበር።”

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ሄደው የበርሜሏን ቧንቧ አጥብቀው ዘጉ። አቶ ልሣነወርቅ ልባቸው ስብር አለ። ተነሡና ባርኔጣቸውን አነሱ።

“ባርኔጣውን ይተዉት” አሉ ሴትዮዋ። “ሁለተኛው ብርጭቆ ለሌላ እሑድ ይቆይ። ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው።” መጋረጃውንም ገለጥ አድርገው ያዙላቸው።

አቶ ልሣነወርቅ ሁለቱን ሳህኖች አዩ። የአንደኛው ጠርዝ በእጥበት ብዛት ቀለሙ ለቋል፤ ሌላው እንደተገዛ ነው። ነገሩ ያን ጊዜ ገባቸው፤ ባለፉት ዓመታት ተቆጩ፣ ወዲያው ደግሞ ደስ አላቸው፣ ደስታው በለጠ።

“ዓሣ ነው” አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ሲያቀርቡ። “ይሄን ያህል መንገድ አያስኬድም።”

አሥር ሰዓት ላይ የአቶ ልሣነወርቅ ስልክ ጠራ። ልጃቸው ረድኤት ነበረች፣ ከሐዋሳ።

“አባዬ፣ ሻንጣህን አዘጋጀህ?”

“ምሳ ላይ ነኝ።”

“በአሥር ሰዓት?”

አቶ ልሣነወርቅ ሳህናቸውን ለጭማሪ ዘረጉ።

“ቆይቶ ነው የቀረበው፣ ልጄ። እኔን አትጠብቁኝ።”