ኮዳችንን የት እናሳድረው?

ሰው ንብረቱን ለማን አደራ ብሎ እንደሚሄድ መመልከት ደስ ይለኛል። ደብረ ታቦር መናኸሪያ ቆም ብላችሁ ታዘቡ። የቤቱን ቁልፍ ለገዛ ወንድሙ የማይሰጥ ሰውዬ፣ ጤፍ የሞላ ማዳበሪያውን ቆሎ ሻጯ አጠገብ ዘጭ ያደርግና «እህቴ፣ ይችን እያት፣ መጣሁ» ብሎ ይሄዳል። ስሟን አያውቅም። ስሙን አታውቅም። ሲመለስ ማዳበሪያው እዚያው ነው። ምናልባት ቆሎ ሻጯ ተደላድላ ተቀምጣበት ያገኛት ይሆናል፤ እሱም ቅር አይለው፣ የጥበቃዋ ዋጋ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ይህን ያነሳሁት ስለ ኮድ ላወጋችሁ ፈልጌ ነው። አትሽሹ፤ እኔም ኮድ አልጽፍም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፣ አርባን ያለፍኩ። ኮድ የሚጽፈው መልካሙ ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር የሚያስተምር፣ ለሁሉም ነገር «ቀላል ነው» የሚል የከተማ ልጅ። እኔ ስለ ላም የማውቀውን እየነገርኩት፣ እሱ ወደ ኮድ እየለወጠ፣ ለላም ባለቤቶች የምትሆን አንዲት የስልክ መተግበሪያ ሠራን። ባለቤቷ ማለዳ ያለበችውን ወተት ታስገባለች፤ መተግበሪያዋ ደግሞ የአካባቢው ጤነኛ ላም ከምትሰጠው ጋር አስተያይታ ወይ «ላምዎ ደህና ናት»፣ ወይ «ሐኪም ያሳዩ» ትላለች። ጤነኛ ላም ስንት እንደምትሰጥ ጠይቄ የሰበሰብኩት እኔ ነኝ፤ ከጋፋት እስከ እብናት በየደጃፉ እየቆምኩ፣ «የነገራችሁኝ ከእኔ አያልፍም» እያልኩ።

አያልፍም ስል፣ ኮዱ የት እንደሚያድር አልጠየቅሁም ነበር።

ለካ ኮድም ማደሪያ ይፈልጋል። ኮድ ጸሐፊዎች ሥራቸውን በኢንተርኔት ላይ ባለ አንድ ትልቅ ቤት ያስቀምጡታል፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ያየዋል፣ ያርመዋል፣ ማን ምን እንደነካ እዚያው ይመዘገባል። መልካሙም የእኛን፣ የሰበሰብኩትን የወተት ቁጥርም ጨምሮ፣ ከሁሉ በሚበልጠው ቤት አኑሮት ኖሯል። በነጻ። በነጻ የሚያሳድር ሰው ሲገኝ «ምን ፈልገህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ስለሚመስለን አንጠይቅም። አንድ ቀን ግን ቤቱ ራሱ መልእክት ላከ፦ ከመጪው ወር ጀምሮ፣ እምቢ ካላላችሁ በቀር፣ እኛ ዘንድ ያስቀመጣችሁት ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማስተማሪያ ይውላል። የኢንተርኔት ድርጅቶች ሁሉ ፊታቸውን ወደዚያ አዙረዋል አለኝ መልካሙ።

«እምቢ የሚለውን እንጫንና እዚያው እንቆይ። ቀላል ነው።»

«ከመጫናችን በፊት ያነበበውስ?»

በዚህ ጊዜ «ቀላል ነው» አላለኝም። መልካሙ ይህን ካላለ ቀላል አይደለም ማለት ነው።

እኔ ደግሞ አንዴ ጥርጣሬ ከገባኝ ከመጠየቅ አልመለስም። ሌላ ቤት የለም ወይ? አለ፤ አነስ ያለ፣ ለማሽን አንመግብም ብሎ ቃል የገባ። ነገ አንዱ ሀብታም ቢገዛውስ? እሱን እግዜር ይወቅ። በራሳችን ኮምፒውተር፣ እኔ ቢሮ ውስጥ ብናኖረውስ? ይቻላል።

«መብራት ሲጠፋ ምን ልናደርግ ነው?» አልኩት።

«መብራት ሲጠፋማ ማንም አያየውም እታለም። ከዚህ የበለጠ ጥበቃ የት አለ!» ብሎ ሳቀና «ለማንኛውም አንች ምረጭ፤ ወተቱ ያንች ነው» አለኝ።

የእኔ አለመሆኑ ነው እንጂ ችግሩ። ይህ ሕሊና የሚሉት ነገር በሥራ መሐል መጥቶ እጄን ያዘኝ። ቃል የገባሁላቸውን ሰዎች ሳልጠይቅ ቤት ብመርጥ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ መጀመሪያ በሩን የከፈቱልኝን እትየ ጥሩዬን ላስፈቅድ ወሰንኩ። አይሆንም ካሉ ወተቱን ሁሉ ከኮዱ አወጣዋለሁ፤ መተግበሪያዋም በዚያው ታበቃለች።

እትየ ጥሩዬ ጋፋት አጠገብ የሚኖሩ፣ በላሞቻቸውም በምላሳቸውም የታወቁ ሴት ናቸው። ስደርስ ደጃፋቸው ላይ ገብስ ይነፋሉ። እንዴት እንደማስረዳቸው መንገድ ላይ እያሰብኩ ነበር የሄድኩት።

«እትየ፣ ላምዎን ለአንድ ሰው በርቢ ሰጡ እንበል» አልኩ። እኛ አገር በርቢ መስጠት ማለት ላምን ሰው ዘንድ አኑሮ፣ ወተቱን እሱ እየጠጣ ጥጃውን መካፈል ነው። «እነዚህ ሰዎችም ኮዳችንን በነጻ ይጠብቁልናል። ግን ጥጃ ያስወልዱታል፤ ጥጃውን ደግሞ አያካፍሉንም።»

«ጥጃው ምንድን ነው?»

«የሚያወራ ማሽን።»

«ስለምን ያወራል?»

«ስለሁሉም። ስለ ላምም።»

«ላም አይቶ ያውቃል?»

«አያውቅም፤ የተጻፈውን እያነበበ ነው።»

ወንፊቱን አስቀመጡ። «እና አሁን ይኸ ማሽን የእኔዋ ቦራ ስንት እንደምትታለብ ሊያውቅ ነው?»

«አዎ። ካልፈቀዱ ግን ዛሬውኑ አስወጣዋለሁ።»

ቁጣቸውን ስጠብቅ፣ ሳቃቸው ፈነዳ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተንከተከቱ።

«ይወቅ! ይማር እንጂ፣ ምን ቸገረኝ! ልጄ፣ እኔ ለአንች የነገርኩሽ ለሰው ዓይን የሚሆነውን ነው። እውነተኛውን መች ነገርኩሽና!»

ደርቄ ቀረሁ። እዚህ አገር ተወልጄ፣ እዚህ አድጌ! ለመሆኑ በደቡብ ጎንደር ላሟ ስንት እንደምትሰጥ ደጃፏ ለቆመ ሰው የምትናገር ሴት የት አለች? ዓይን እንዳያርፍባት ወተቷ የሚነገረው ተቀንሶ ነው፤ ይህንን እናቴም ስታደርገው አይቻለሁ። እስክሪብቶ ይዤ ስመጣ ግን ሳልጠይቅ አመንኩ። «እብናቶቹስ?» ስል፣ «ምነው፣ እብናት ያለው ሰው ሞኝ ነው?» አሉኝ። እኔ በጭንቀት ልጠብቅላቸው የመጣሁትን ምስጢር፣ ባለቤቶቹ ከእኔም ከማሽኑም ቀድመው ጠብቀውታል። የዓለም ትልቁ ማሽን የወሰደው ለመንገደኛ የሚሰጠውን ብቻ ነው።

ቀለል አለኝ። ለጥቂት ጊዜ።

ምራታቸው ውዴ ስልኳን ይዛ ከጋጣው ወጣች። «ሐኪም፣ እንኳን መጣሽ። ቦራ ወተቷ በግማሽ ቀነሰብኝ። ይች መተግበሪያሽ ግን ‹ደህና ናት› ትለኛለች።»

ስልኳን አየሁት። ውዴ በየማለዳው የምታስገባው እውነተኛውን ነው። ለምን ብላት «ስልክ ዓይን የለውማ!» አለችኝ። ወደ ጋጣው ገባሁ። ከቦራ ጡቶች አንዱ እንደ እሳት ይፋጃል፣ ጠጥሯል። አሁን ገባኝ። የታመመችው ቦራ እውነተኛ ወተት፣ ጤነኛ ላም ትሰጣለች ከተባለው ውሸት ይበልጣል። መተግበሪያዋ ምን ታድርግ! ከቦርሳዬ መድኃኒት አውጥቼ መርፌ ወጋኋት፤ ትንሽ ብንዘገይ ያ ጡት ደርቆ መቅረቱ ነበር።

እትየ ጥሩዬ ሳቃቸውን ተዉ። የቦራን ጀርባ እያሻሹ ጠየቁኝ።

«እውነቱን ብነግርሽ የት ታስቀምጭዋለሽ?»

እኔ መልካሙን ስንት ጊዜ የጠየቅሁትን ነገር ላም ጋጣ ውስጥ ተጠየቅሁ። ሦስቱንም ቤቶች ነገርኳቸው።

«ትልቁ ቤት ማን ይገባል?»

«ዓለም ሁሉ።»

«ትንሹስ?»

«ለጊዜው በሩ ዝግ ነው።»

«ለጊዜው!» አሉና ከንፈራቸውን መጠጡ። «ቢሮሽስ?»

«ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። መብራቱ ግን ይሄዳል ይመጣል።»

«መብራቱ ይሂድ ይምጣ። ቢሮሽ ይሁን» አሉና፣ ከቦራ ፊታቸውን መልሰው በጆሮዬ ሹክ አሉኝ። ስንት እንዳሉኝ አልነግራችሁም። በዚህ ጊዜ የምር አያልፍም።

እንግዲህ እንዲህ መረጥን። ኮዱ ትልቁ ቤት ይደር፤ ወተት ከወተት ማስተያየትን ማንም ቢማረው፣ ማሽንም ቢማረው አንጎዳም። ወተቱ ግን ቢሮ ይግባ። እኔም እንደገና በየደጃፉ እየዞርኩ፣ እየለመንኩ፣ በጆሮዬ እየሰማሁ አዲሱን ሰበሰብኩ። ማሽኑ አሮጌውን አንብቦት ከሆነ ግን፣ ዛሬ አንድ ሩቅ አገር ያለ ሰው ስለ እኛ ላሞች ቢጠይቀው፣ ኧረ ምንም አይታለቡም ብሎ በእርግጠኝነት ይመልስለት ይሆናል። ይህን ለእትየ ጥሩዬ ብነግራቸው «ተዉት፣ እንዳታርሙት!» አሉኝ፤ እንዲህ ያለ የዓይን መከላከያ ከየትም አይገኝም ባይ ናቸው።

ባለፈው መልካሙና እኔ ቢሮ ተቀምጠን አዲሱን ስናስገባ ቀና ብሎ አየኝ።

«እታለም፣ አንችም እናትሽ ቤት ላም አለችሽ አይደል? የእሷንም እናስገባው እንጂ። ስንት ትሰጣለች?»

በሩ ተዘግቷል። ከሁለታችን በቀር ማንም የለም። ኮምፒውተሩም ለጊዜው ከምንም ጋር አልተገናኘም።

«ምን ትሰጣለች ብለህ ነው ወንድሜ» አልኩት፣ «ለጥጃዋም አልተረፋት።»

መልካሙም እንዳልኩት ጻፈው።