በሁለት ቃል የወደቀው የወናጎ ሌቨል

ዛሬ በሁለት ቃል ሥራ አጣሁ።

መገመት ስትጀምሩ ይታየኛል። አይ፣ ፖለቲካ አይደለም። ስድብም አይደለም። እንዲያውም በዕድሜዬ ከተናገርኳቸው ቃላት ሁሉ እንደነዚህ ሁለቱ ጨዋ የለም። አታምኑኝም፣ ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

እዚህ ገጽ ላይ የቆያችሁ በሽታዬን ታውቁታላችሁ። ሌላው ሰው በጎልማሳነቱ ቤት ይሠራል፣ ወይ ማስተርስ ይጀምራል። እኔ የድሮ የተኩስ ጌሞችን ኮሪደር አጠናለሁ። እነዚያን ጠመንጃው ከስክሪኑ ግርጌ ብቅ የሚልባቸውን፣ ቀይ ቁልፍ ፈልጋችሁ ቀዩን በር የምትከፍቱባቸውን። ሰው ጭራቁን ሲያይ እኔ ግድግዳውን አያለሁ። መብራቱ ለምን እዚያ ጥግ ላይ በራ? በሩ ገና ሳይደርሱበት ለምን በመስኮት ታየ? ይህን ቁጭ ብሎ የሚወስን ሰው አለ። ተጫዋቹ የሚያልፍበትን ቦታ፣ ሌቨሉን፣ መሥራት ማለት ነው፤ ሌቨል ዲዛይን ይባላል።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ተጨቃጭቀናል። ከዋናው ጌም ይልቅ በኋላ የሚወጣው ተጨማሪ ክፍል፣ ኤክስፓንሽኑ፣ ይበልጣል ብዬ ስጽፍ "ጤና የለህም" ያላችሁኝ አላችሁ። አሁንም አልተመለስኩም። ዋናው ጌም ጀማሪውን እጁን ይዞ መውሰድ አለበት። ኤክስፓንሽን የሚሠራው ግን መንገዱን አንዴ ለጨረሰ ሰው ነው። ዲዛይነሩ ማስተማሩን ትቶ እኩያውን ያገኘ ሰው ይሆናል።

ሌላውም አቋሜ ይታወቃል። ጥሩ ሌቨል ቀስት አያስፈልገውም። ጽሑፍም አያስፈልገውም። ቦታው ራሱ ይናገራል።

"ዲዛይነሩ አፉን ከከፈተ ሌቨሉ ወድቋል።" እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ እዚሁ ገጽ ላይ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ።

ዲላ ውስጥ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ አለ። ባለቤቱ አቶ ደምሴ የጌም ዲዛይን ኮርስ ሊከፍቱ አስበው አስተማሪ ሲያፈላልጉ አንድ ወዳጄ ስሜን ሰጣቸው። በሃያ ዓመት ውስጥ ይህ እውቀቴ ለሰው ሊጠቅም ሲል የመጀመሪያው ነው። ባለቤቴ እንኳ "እንግዲህ ያ ሁሉ ማፍጠጥ ለዚህ ኖሯል" አለችኝ። ከእሷ አፍ ይህ ምስጋና ነው።

አቶ ደምሴ ግን ነጋዴ ናቸው።

"ወንድሜ፣ የምትጽፈውን አነባለሁ" አሉኝ። "ሌቨል ሠርተህ አምጣ። ሁለት ተማሪዎች ይጫወቱታል። አንዳቸው በሃያ ደቂቃ ከጨረሰ ኮርሱ ያንተ ነው። አንተ ከኋላ ትቆማለህ። አንዲት ቃል ከተነፈስክ ግን ቀረ።"

"አንዲት ቃል?"

"የራስህ ሕግ ነዋ።"

ሁለት ወር ሠራሁ። ከዲላ ወጣ ብላ ያለችውን ወናጎን ሠራሁ። ተጫዋቹ አስፋልት ላይ ይጀምራል። ሽቅብ ሲያይ የቡና ማጠቢያው መብራት ይታየዋል፤ መድረሻው እሱ ነው። በሩ ግን ያለ ቀይ ቁልፍ አይከፈትም፣ ቁልፉ ደግሞ ከእንሰት ጀርባ ባለ አንድ ጎጆ ውስጥ ነው። ቀስት የለም። እንሰቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሳሳ ይላል፣ እዚያ ጋ መሬቱ ላይ ፀሐይ ታርፋለች። በቃ። ዓይን ያለው ይገባል። የእንሰቱን አጥር ተከትሎ እስከ ጫፍ የሚሄድ ሰው ስለማይኖር የሠራሁትን ማፕ ጥግ በደንብ አልዘጋሁትም።

ማን እስከዚያ ይሄዳል?

ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት። አቶ ደምሴ ስልካቸው ላይ ሃያ ደቂቃ ሞሉ።

የመጀመሪያው ናሆም ነው፣ የአዲስ አበባ ልጅ። ጣቱ ይፈጥናል። መንገዱ ላይ ያቆምኳቸውን ጭራቆች በሁለት ደቂቃ ጨረሳቸው፣ ከዚያ መሮጥ ጀመረ። በፀሐይዋ አጠገብ አለፈ። ተመልሶ አለፈ። ሦስተኛ ጊዜ እንዲያውም ትከሻው ነካት።

ምላሴን ነከስኩ። ዘይቤ አይደለም፣ አሁን ሻይ ስጠጣ ያቃጥለኛል።

"ጋሼ፣ ማፑ ተበላሽቷል እንዴ?"

ዝም።

"ቀስት ነገር እንኳ ብታደርግበት ምን ነበረበት?"

ዝም! ሃያ ደቂቃው አለቀ።

አንድ ሰው ቀረኝ።

ብርቱካን ትባላለች። ቤተሰቦቿ ወናጎ አጠገብ ገበሬዎች ናቸው፣ እሷ ዲላ ተከራይታ ትማራለች። ወንበሩን አስተካክላ ተቀመጠች። አትሮጥም። አንድ ጭራቅ ትመታለች፣ ቆም ብላ ግራ ቀኙን ታያለች፣ ትቀጥላለች። ሽቅብ አይታ "ማጠቢያው እዚያ ነው" አለች ለራሷ። ላቅፋት ምንም አልቀረኝም።

በስምንተኛው ደቂቃ ፀሐይዋን አየቻት። ቀጥ ብላ ሄደች።

ደረሰች።

ቆመች።

አትገባም። ክፍተቱ ፊቷ ነው፣ ጎጆው ከወዲያ ይታያታል፣ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። እሷ ግን ዝም ብላ ታያለች። ከዚያ ዞረችና አጥሩን ተከትላ መሄድ ጀመረች። እስከ ጫፍ።

ማን እስከዚያ ይሄዳል? ብርቱካን ትሄዳለች።

ማፕ ሠርታችሁ የምታውቁ ይህን ውርደት ታውቁታላችሁ። ያልተዘጋ ጥግ ላይ ስክሪኑ ያብዳል። ሰማዩ ይጎተታል፣ አጥሩ እንደ ፈሰሰ ቀለም ይባዛል።

"ኧረ፣ እዚህ ጋ አገሩ አልቋል" አለች።

ናሆም ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። አቶ ደምሴ አልሳቁም፣ እሳቸው ሰዓት ነው የሚያዩት።

ተመለሰች። እንደገና ክፍተቱ ጋ ቆመች። አራት ደቂቃ ቀርቷል። ግቢ። ግቢ እንጂ ልጄ። ምን አጠፋሁ?

ጠመንጃውን አስቀመጠች። ማለቴ፣ ቁጥር አንድን ተጭና ወደ ባዶ እጅ ቀየረች። እነዚህን ጌሞች ስጫወት በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ባዶ እጁን በፈቃዱ የመረጠ ሰው አላየሁም።

ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

"ቤቶች!"

የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ብቻ ይሰማል። ሦስት ደቂቃ ቀርቷል። ማንም አልመለሰላትም፣ ማን ይመልስላት? እንደገና፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣

"ቤቶች!"

እኔም "አቤት፣ ግቡ!" አልኩ።

አላሰብኩትም። ማልኩላችሁ። አፌ ብቻውን ነው የሄደው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ደጅ ላይ ቆሞ "ቤቶች" ያለ ሰው ሳይመለስለት ቀርቶ አያውቅም።

ብርቱካን ምንም ሳይገርማት ገባች። ቁልፉን አነሳች፣ ሽቅብ ወጣች፣ ቀዩን በር ከፈተች። ሌቨሉ አለቀ። ሃምሳ ሰከንድ ተርፏት ነበር።

"ጨርሳለች" አልኩ።

"ተናግረሃል" አሉ አቶ ደምሴ።

"እሱ ፍንጭ አይደለም አቶ ደምሴ፣ ሥነ ሥርዓት ነው። ሰው ተጣራ፣ መለስኩ።"

"እና በየኮምፒውተሩ ኋላ አንተን ላቁምልህ?"

ለዚህ መልስ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

ልጆቹ ሲወጡ ብርቱካንን ጠየቅኳት።

"ለምን ዝም ብለሽ አልገባሽም?"

"የሰው ጓሮ ነው እኮ ጋሼ።"

"መንገድ ላይ ያን ሁሉ ስትገድዪስ?"

"እነሱ መንገድ ዘግተው ነው። እንሰቱ ግን ባለቤት አለው።" ትንሽ አሰበችና ጨመረች፣ "ደግሞ ሁሉም እኩል ነው፣ ትልቅ ትንሽ የለውም። እንደዚያ ያለ እንሰት አይቼ አላውቅም። ባለቤቱን ልጠይቀው ፈልጌ ነበር።"

ባለቤቱ አጠገቧ ቆሞ ነበር። አንድ እንሰት ሥሎ መቶ ጊዜ የገለበጠው እኔ ነኝ። ወናጎን ለሃያ ዓመት ያየሁት ከሚኒባስ መስኮት ነው። ከዚያ መስኮት እንሰት ግድግዳ ነው፣ አረንጓዴ ግድግዳ፣ እኔም ግድግዳ አድርጌ ሠራሁት፣ ክፍተቱንም በር አልኩት።

ቦታው ራሱ ይናገራል ብዬ ጽፌ የለ? ተናገረ። "ሳትጣሪ አትግቢ" አላት። እሷ ሰማች። ሳይሰማ የቀረው ሌቨሉን የሠራው ሰው ነው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ "እንዴት ሆነ?" አለች። ነገርኳት። "ባትመልስላት ኖሮ ነበር የማፍርብህ" አለችኝ። ሥራው ግን አልተመለሰም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከመካከላችሁ፣ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ ሁለቴ "ቤቶች" ሲል ሰምቶ፣ አፉን ዘግቶ መቆም የሚችል አለ?

ካለ ማሠልጠኛው አስተማሪ ይፈልጋል።