አቶ ደረስኩ በሰዓቱ የመጡ ዕለት

ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ደረስኩ፣ ደረስኩ» የሚል ሰው የሌለበት ሰፈርም፣ መሥሪያ ቤትም፣ ቤተ ዘመድም የለም። እኛ ዘንድ የለም የሚል ካለ፣ ያ ሰው እሱ ራሱ ነው። ከጀርባው የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ ሲወርድ እየተሰማ «መታጠፊያው ላይ ነኝ» ይላል። «በር ላይ ነኝ፣ ክፈቱ» ብሎ ሰው ከተቀመጠበት ያስነሳል፤ ወጥቶ የከፈተ ሰው የሚያገኘው የጎረቤት ውሻ ብቻ ነው።

የእነዚህ ሁሉ አለቃ ደግሞ ክቡር የከብት ማዳቀል ባለሙያው ነበሩ። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ከሠራተኞች መዝገብ በቀር የሚያውቀው የለም። ሰው አቶ ደረስኩ ይላቸዋል፤ እሳቸውም በዚሁ ሲጠሩ አቤት ይላሉ። ሥራቸው በፈሳሽ ናይትሮጅን የቀዘቀዘ የኮርማ ዘር በሞተር ብስክሌት ጭነው፣ በረት ለበረት እየዞሩ ላሞችን ማዳቀል ነው።

በራሳቸው ሰርግ የደረሱት ሙሽራዋ ከሚዜዎቿ ጋር ምሳ በልታ እጇን ስትታጠብ ነው። መሥሪያ ቤታቸው የሰዓት አጠቃቀም ሥልጠና ያዘጋጀ ጊዜ፣ የምስክር ወረቀቱ ሲታደል ገቡ፤ ተሰልፈውም ወሰዱ። ወረቀቱ ዛሬም ቢሯቸው ግድግዳ ላይ በመስተዋት ተሰቅሏል።

ታዲያ ሰው ዝም ብሎ አልተቀመጠም፣ መላ ዘየደ። ሰባት ሰዓት ላይ የፈለጋቸው፣ አምስት ሰዓት ይምጡ ይላቸዋል። ፀጉር አስተካካያቸውም፣ አማቻቸውም፣ የመሥሪያ ቤታቸው ኃላፊም ይህንኑ ያደርጋሉ፤ እያንዳንዱ ግን ዘዴውን የፈጠረው እሱ ብቻ ይመስለዋል። የሚገርመው፣ ያ ሁሉ ማርፈድ እያለ ያዳቀላት ላም እንደ እሳቸው የምትይዝለት፣ የምትፀንስለት ባለሙያ በአካባቢው አልነበረም። እጃቸው የተባረከ ነው፣ ምን ያደርጋል፣ እግራቸው አይነሳም እየተባለ ይታለፋል።

ከዘዴኞቹ አንዷ አሥራ ሁለት የሥጋ ላሞች ያሏት አንዲት ሴት ነበረች። ከብት ርባታ ከመግባቷ በፊት መዝገብ ቤት ስለሠራች ነገር ሁሉ በመስመሩ ካልሄደ እንቅልፍ አይወስዳትም። በረቷ ግን በመስመር የሚሄድ አልነበረም። አንዷ ዛሬ ትወልዳለች፣ ሌላዋ ከአራት ወር በኋላ፤ አንዱ ጥጃ ወይፈን ሲያክል ሌላው ገና ጡት አልተወም። ስለዚህ በዚያ ዓመት ቆረጠች፤ አሥራ ሁለቱም በአንድ ቀን ይዳቀላሉ፣ በአንድ ሰሞን ይወልዳሉ። ኮርማውንም ሸጠችው። ባሏ «ኮርማውን ሸጥሽው?» ብሎ ሦስት ቀን ሙሉ ጠየቃት።

የአርቢዎች ማኅበሩ ለአሥራ ሁለት ላም አሥራ ሁለት ቀጫጭን የዘር ቱቦ ፈቀደላት፤ አንድም ትርፍ የለም። ይህ ካልያዘ በረት ውስጥ ኮርማ የለም፣ ሌላ ቱቦ እስከ ከርሞ የለም፣ ዓመቱን ሙሉ ጥጃ የሚባል ነገር አይታይም። አሠራሩ ቀላል ነው። ላሞቹን አንድ ላይ ኮርማ እንዲፈልጉ የሚያደርጋቸው መርፌ ይወጋሉ፤ ልክ ሰባ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ባለሙያው መጥቶ ያዳቅላል። ቀድሞ የገባ ዘር ጠብቆ ጠብቆ ይሞታል፤ የዘገየም አይጠቅምም። መርፌውን እሷው ራሷ ትወጋለች፣ ባለሙያው ደግሞ የተወጉበትን ሰዓት ጠይቀው ቀጠሯቸውን ያሰላሉ።

ሰኞ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ አሥራ ሁለቱንም ወጋች። ደወለችና የጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወግቻለሁ አለቻቸው። ሂሳቧ ግልጽ ነው። ሰው ሁሉ በሁለት ሰዓት ያረፍዳሉ ይላል፤ የእሷ መንገድ ሩቅና ጭቃማ ስለሆነ ሌላ ሁለት ጨመረችበት። እሳቸው ሐሙስ ሁለት ሰዓት ብለው ይነሱና፣ እንደ ልማዳቸው ተጎትተው ስድስት ሰዓት ከች ይላሉ። ስልኩን ስትዘጋ በራሷ ብልጠት ፈገግ አለች።

ሐሙስ ጠዋት ላሞቹ የሚቆሙበትን ጠባብ መተላለፊያ መቀርቀሪያ ልታስበይድ ወደ ከተማ ወጣች። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ስትመለስ ሞተር ብስክሌታቸው ደጇ ላይ ቆሟል። መጀመሪያ ያሰበችው፣ ሞተራቸውን የሰረቀ ሌባ እኛ ቤት ገባ ብላ ነው። ገባ ስትል አቶ ደረስኩ ራሳቸው፣ እስከ ትከሻቸው የሚደርስ ጓንት አጥልቀው፣ ከአራተኛዋ ላም ኋላ ቆመዋል። አምስተኛዋ ተራዋን ትጠብቃለች። መቀርቀሪያ በሌለው በር ላይ ባሏ ገመድ ቋጥሯል። ሰውዬው ሰዓት የሚያውቀው በሆዱ ነውና፣ ባለሙያ መጣ፣ ባለሙያ ያውቃል ብሎ ላሞቹን አንድ በአንድ ሲያቀርብላቸው ቆይቷል።

«ልክ በሁለት ሰዓት ደረስኩ» አሏት፣ እንደ ልጅ ፊታቸው በርቶ። «አንድ ደቂቃ አላሳለፍኩም።»

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ምናልባትም ይይዝ ይሆናል፤ አራት ሰዓት ምን አላት? ብትናገር ደግሞ አንድን የተከበረ ሰው ባሏ ፊት ዋሽቼዎታለሁ ልትል ነው፤ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ይሻላታል። የቆሙትን ስምንት ላሞች አየች። የናይትሮጅኑ ታንክ ውስጥ ስምንት ቱቦ ቀርቷል፤ አንዴ ከወጣና ከሟሟ ተመልሶ የማይገባ ነገር ነው። አቶ ደረስኩ እጃቸውን ወደ ታንኩ ክዳን ሰደዱ።

«ጋሼ፣ ይተዉት» አለች። «መርፌውን የወጋሁት በስድስት ሰዓት ነው።»

እጃቸው ክዳኑ ላይ ቀረ። ሰዓታቸውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ቀስ ብለው ጓንቱን አወለቁና የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጡ።

«ስንት ጨመርሽብኝ?»

«አራት።»

«አራት» አሉ፤ የተቆጡ አይመስሉም፣ ቅር ያላቸው ነው የሚመስሉት። «ሌላው እኮ ሁለት ነው የሚጨምርብኝ።»

ከዚያ በዚያው ባልዲ ላይ ሆነው የሃያ ሁለት ዓመታቸውን ጉድ አወጡት። ሰው እንደሚጨምርባቸው ድሮ ነው የነቁት። እሱ የሚጨምረውን እሳቸው ይቀንሳሉ፤ አምስት ያለ ሰው ሰባት ላይ እንደሚፈልጋቸው ያውቃሉና ሰባት ላይ ይደርሳሉ፣ እሱም አረፈዱ ብሎ ያማቸዋል። ለላምም ያው ነው። ላሟ ጠዋት ኮርማ መፈለጓን ያየ ሁሉ እሳት እንደተነሳበት «አሁኑኑ ይምጡ» ብሎ ይጮሃል፤ ጠዋት ያሳየች ላም ግን የምትዳቀለው ማታ ነው። ለዚህ ነው የሚይዝላቸው። ሰርግዎስ ብትላቸው፣ እሱ እንኳ የእውነት ጎማ ፈንድቶ ነው አሉ።

«ታዲያ ዛሬ ለምን አልቀነሱም?» አለች።

«ሰው በቀጠሮ ይዋሻል። በመርፌ ሰዓት ይዋሻል ብዬ አላሰብኩም።»

ከዚህ በኋላ ሦስት ሰዓት መጠበቅ ነበረባቸው። ዕድሜ ልኩን ያስጠበቀ ሰው መጠበቅ አያውቅበትም። መቀርቀሪያውን ገጠሙ፣ ናይትሮጅኑን በማስመሪያ ሁለት ጊዜ ለኩ፣ የአንዷን ላም ጆሮ አገላብጠው መዥገር ፈለጉ። በመካከል ሌላ አርቢ ደወለ። ቀድሜ ስለደረስኩ ሰዓቱ እስኪደርስ ተቀምጬ እየጠበቅኩ ነው ቢሉት፣ ሰውዬው በሳቅ ፈንድቶ ስልኩን ዘጋባቸው። እሷ ሻይ ስታቀርብ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ተነሡና ስምንቱን ጨረሱ።

ከሁለት ወር ተኩል በኋላ እርግዝና ሊመረምሩ መጡ። ከስምንቱ ስድስቱ ይዘዋል፤ ሁለት ማጣት የትም ያለ ነው። ያለ ሰዓታቸው የተዳቀሉትን አራቱን ወደ መጨረሻ አቆዩዋቸው። የመጀመሪያዋ ባዶ፣ ሁለተኛዋ ባዶ። ሦስተኛዋ ላይ ክንዳቸውን ሳያወጡ ረጅም ጊዜ ቆዩና፣ ይዛለች አሉ። አራተኛዋ ባዶ። የሦስቱ ባዶነት የእሷ ውሸት ያመጣው መሆኑን ሁለቱም ያውቁታል።

የማኅበሩን ቅጽ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ሞሉ። ቅጹ ላይ «ያልያዘበት ምክንያት» የሚል መስመር አለ። ጥፋቱ የአርቢው ከሆነ ምትክ ቱቦ የለም፣ የባለሙያው ከሆነ ግን ማኅበሩ ይተካል። በሦስቱ ላሞች አንጻር፣ ጥርት ባለ የእጅ ጽሑፍ፣ «ባለሙያው ቀጠሮ ባለማክበሩ» ብለው ጽፈው ፈረሙ።

«ጋሼ፣ ይሄ ልክ አይደለም» አለች።

«ማን ይጠይቃል ብለሽ ነው?» አሉ፣ ብዕራቸውን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ።

እውነትም ማንም አልጠየቀም። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አቶ ደረስኩ ተነሥተው ይቅርታ ጠየቁ፤ በዚያም ላይ ተሳቀ። ተነሥታ እኒህ ሰውዬ በሰዓቱ ነበር የመጡት፣ ዋሾዋ እኔ ነኝ ልትል ቃጣት። ብትናገር ግን ቱቦዎቹ ይቀራሉ፣ እሳቸውም በሐሰት የፈረሙ ይሆናሉ። አንጀቷን በሏት። ወንበሯን ጨብጣ ተቀመጠች፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያልሳቀችው እሷ ብቻ ናት።

ሦስቱ ቱቦዎች በሳምንቱ ተፈቀዱላት። ሦስቱን ላሞች ወግታ ስትጨርስ መርፌውን ሳታስቀምጥ ሰዓቷን አየችና ደወለች።

«ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ ላይ ወግቻለሁ፣ ጋሼ።»

«ከአሥራ ሰባት?»

«ከአሥራ ሰባት።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ ደቂቃ የነገረኝ ሰው የለም» አሉ፤ ከዚያ የሚጽፉበት ነገር ሲፈልጉ፣ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ተሰማት።