መርዶ ነጋሪዋ በካሪቢያን ባሕር ላይ

ከአርባ በላይ ሐበሻ ባለበት ከተማ ሁሉ አንድ የመርዶ ሚኒስትር አለ። ሹመቱን ማን እንደሰጠ አይታወቅም፤ ምርጫ የለው፣ ጡረታ የለው። አገር ቤት ሰው ሲሞት ዘመድ የሚደውለው ለሟች ልጅ ሳይሆን ለዚህ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ መርዶው መቼ፣ የት፣ በማን አፍ እንደሚነገር የሚወስነው ሚኒስትሩ ብቻ ነው። የቶሮንቶው መሥሪያ ቤት ስካርቦሮ ውስጥ፣ አንድ የኪራይ ሕንፃ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ይገኛል። ክብርት ሚኒስትሯ ወይዘሮ ብርሃነሽ ይባላሉ፤ እኛ እትዬ ብርሃነሽ እንላቸዋለን።

ሕጋቸው አጭር ነው። በስልክ አይነገርም፤ ሥራ ቦታ አይነገርም፤ ሰው ብቻውን እያለ አይነገርም። «የሚወድቅበት ሰው ሳይኖር ሰው አይጣልም» ይላሉ። አንዴ ሔርሞን ለምትባል ተማሪ የእናቷን መርዶ ለመንገር ሦስት ሰዎች ይዘው በበረዶ አራት ሰዓት ተጉዘዋል። ሲደርሱ ልጅቷ ፈተና ላይ መሆኗን ሰሙና ፈተናው እስኪያልቅ ሁለት ቀን ሞቴል ውስጥ ጠበቁ። ልጅቷ አልፋለች፤ ዛሬ ፋርማሲስት ናት።

እኔ በዚህ ሁሉ ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። «እትዬ ብርሃነሽ፣ በዚህ ዘመን ሰው ወዲያው የማወቅ መብት አለው» ስላቸው፣ «መብትህን ያዝና ሻይህን ጠጣ» ይሉኝ ነበር።

እንደ ፈረንጆቹ በ2012 ስልሳ ዓመት ሲሞላቸው ልጃቸው ኤፍራታ የክሩዝ ቲኬት ገዛችላቸው። ከማያሚ ተነስቶ የካሪቢያንን ደሴቶች በሰባት ቀን የሚያዞር፣ አሥራ አራት ፎቅ ያለው መርከብ ነው። «ብቻዬን ባሕር ላይ ምን ልሁን?» አሉና በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ሰው አሰባሰቡ። አሥራ አንደኛው እኔ ነኝ፤ ዘርይሁን፣ የፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር ወንደላጤ። በየካቲት ከበረዶ መዛቂያ ጋር ስንታገል ከርመን ድንገት በነጠላ ጫማ ሰማያዊ ውኃ ዳር መቆም ምን ያህል እንደሚያስቅ የሚያውቀው ያየው ነው። እትዬ ብርሃነሽ በሁለት ቀን ውስጥ የአስተናጋጆቹን ስም ብቻ ሳይሆን የልጆቻቸውንም ስም አጠኑ።

በሦስተኛው ቀን መርከቡ ሴንት ማርተን የምትባል ደሴት ላይ ቆመ። ወደቡ አጠገብ ካለ ካፌ ነጻ ዋይፋይ አገኘሁና ፌስቡኬን ከፈትኩ። ደሴ ያለችው የወንድሜ ልጅ የአባቴን ፎቶ ለጥፋለች። ከሥሩ «ነፍስህን በገነት ያኑርልን፣ አያቴ» ብላ ጽፋለች።

ቀና ስል እትዬ ብርሃነሽ ከመንገዱ ማዶ፣ ዘንባባ ሥር ቆመው በስልክ ያወራሉ። አንድ እጃቸው ራሳቸው ላይ ነው። ዓይን ለዓይን ስንጋጠም እጃቸውን አወረዱ፣ ስልኩን ዘጉ፣ ከዚያም በዕድሜዬ ካየሁት ሳቅ ሁሉ የሚያስፈራውን ሳቁ።

«ዘርዬ! ና እንጂ፣ ኮኮናት እንጠጣ!»

ጠጣን። ምን ምን እንደሚል አላስታውስም። «አውቄያለሁ» ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን አውቄ ምን ልሆን ነው? በዋና ልብስ ከሚዞሩ ቱሪስቶች መሐል ቁጭ ብዬ ላለቅስ? በዚያ ላይ እሳቸው ሥራቸውን ጀምረዋል፤ እኔን ምንም ሳልሰማ ቶሮንቶ፣ ሰው መሐል ማድረስ። አራት ቀን ቀርቷቸዋል። እኔም ያን ጊዜ ወሰንኩ፤ ምንም አልሰማሁም። ዕንባዬን ይዤ እደርስላቸዋለሁ።

በዚያው ቀን አዋጅ ወጣ። «ቬኬሽን መጥተን ስልክ ላይ ተጥደን ልንከርም ነው? አምጡ!» የእኔን ብቻ መፈለጋቸው እንዳይታወቅባቸው የአሥራ አንዳችንንም ስልክ ሰብስበው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከመሐላችን በዕድሜ ትንሹ ኤርሚ ተቃወመ።

«አንቲ፣ ሲሪየስሊ? ፒክቸር በምን ላነሳ ነው?»

«በዓይንህ አንሳ!»

ቀስ እያሉ ለሌሎቹም ነግረዋቸው ኖሯል። አቶ ሙሉነህ ሆደ ባሻ ናቸው፤ እኔን ባዩ ቁጥር ዓይናቸው ይሞላል። እትዬ ብርሃነሽ ጎትተው ይወስዷቸውና «ባሕሩ አሟቸው ነው» ይሉኛል። ባሕሩ እንደ ሰሐን ውኃ ጸጥ ብሏል። ለቁርስ ሦስት ሰሐን ከምረው ያቀርቡልኛል፤ «ብላ፣ ብርድ ይጠብቀናል!» ከቁርስ ስንነሳ «እስኪ አገር ቤት ልደውል» ብዬ ፈተንኳቸው። ዓይናቸውን ሳያሹ «እዚያ አሁን ሌሊት ነው» አሉኝ። ደሴ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር።

አንድ ምሽት ሁሉም ሽክ ብሎ የሚመጣበት እራት ነበር። ወንዶቻችን ጥቁር ሱፍ ለብሰው ሲመጡ እትዬ ብርሃነሽ በሩ ላይ አስቆሟቸው። «ምን ሆናችሁ ነው ጥቁር የለበሳችሁ? ማን ሞተ?» አሉ፤ አሉና ራሳቸው ክው አሉ። ወዲያው ሁሉንም መልሰው አስቀየሯቸው። ከፈረንጅ ክራባትና ከረጅም ቀሚስ መሐል አሥራ አንድ ሐበሾች በአበባማ የባሕር ዳር ሸሚዝ ተሰልፈን ገባን። ሐዘንተኛው እኔ ፓሮት ወፍ የተሳለበት ለብሻለሁ።

እንዲህ እየሳቅን ደረስን ብል ግን ውሸት ነው። በስድስተኛው ቀን ማለዳ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣሁ። እትዬ ብርሃነሽ ነጠላቸውን ወደ ታች አዘቅዝቀው ለብሰው፣ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው ብቻቸውን ቆመዋል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አንድም ቀን አይተውት ለማያውቁት ለአባቴ ያለቅሳሉ። እኔ ፊት ማልቀስ ስለማይችሉ ማንም የሌለበትን ሰዓት መርጠው ነው። ሳያዩኝ በደረጃው ተመለስኩ። እኚህን ሴትዮ እንደምወዳቸው ያወቅኩት እዚያ ደረጃ ላይ ነው።

ቶሮንቶ በገባን ማግሥት፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ቀደም ብዬ ለብሼ ተቀምጫለሁ። እንዴት እንደምደነግጥ መታጠቢያ ቤቱ መስታወት ፊት ተለማምጃለሁ፤ ለእሳቸው ድካም ሲባል አሳምሬ መደንገጥ አለብኝ። በሩን ስከፍት ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ነው። አብረውኝ በመርከቡ የሄዱት አሉ፤ የማላውቃቸው ጎረቤቶች አሉ፤ ከፈረቃ ቀርቶ የመጣም አለ። ካፖርታቸው ላይ በረዶ አለ። እትዬ ብርሃነሽ ከፊት ቆመዋል።

«ዘርዬ» አሉኝ፤ «አባትህ አረፉ።»

ልምምዴ ሁሉ ጠፋኝ። ጮኼ እላያቸው ላይ ወደቅኩ። አምስት ቀን ሙሉ የማውቀውን ነገር ገና ያን ጊዜ ሰማሁት። መሬት አልነካሁም፤ ሃያ ሰው ይዞኛል።

ረፈድፈድ ሲል እትዬ ብርሃነሽ ማድ ቤት ውስጥ ለኤፍራታ ሹክ ሲሉ ሰማኋቸው። «አየሽ፣ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጬ ምንም ሳይሰማ አደረስኩት።» ድምፃቸው ደክሟል፤ ግን ኮርተዋል። ይገባቸዋል። እሳቸው ይህን የምጽፍበትን ጋዜጣ አያነቡም፤ እናንተም እባካችሁ፣ እንዳትነግሩብኝ።