ከዞኮሎው በቀር ያለቀ ቤት

ያ ቅዳሜ ጠዋት በረዶና ዝናብ ተደባልቆ ከጎን ይመታ ነበር፤ ጃንጥላ የማይመልሰው፣ አንገት ሥር የሚገባው ዓይነት። ሚያዝያ ነው። የሐይቁ በረዶ ጠቁሯል፣ ግን ገና አልፈረሰም። ለወፎቹ ጥሬ በከረጢት ልሰቅል ወጥቼ ከሳውናው፣ ከእንፋሎት መታጠቢያ ቤታችን ውስጥ የድንጋይ መፍለጫ ድምፅ ሰማሁ። በሩን ብከፍት ባሌ ኦይቫ እስከ ጉልበቱ ጉድጓድ ውስጥ ቆሟል። በቤታችን ተሠርቶ ያለቀ አንድ ነገር ቢኖር የሳውናው ወለል ነበር። የሚያፈርሰው እሱን ነው።

ምን እየሠራህ ነው ብዬ ጠየቅሁት።

"ትንሽ ማስተካከያ" አለኝ። ቀና እንኳ አላለም።

በር ዘግቼ ወደ ወፎቹ ተመለስኩ። በሠላሳ ዓመት ትዳር ከተማርኩት አንዱ፣ "ትንሽ ማስተካከያ" ሲባል ከአቧራው መራቅ ነው።

በየመንደሩ ሁለት ዓይነት ወንድ አለ ይላሉ፤ እጁ ሥራ የሚያውቅና የማያውቅ። ውሸት ነው። ያለው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ልዩነቱ የመሰርሰሪያው መጠን ነው። ቤቱን ራሱ ይሠራል፣ የሠራውን ራሱ ይጠግናል፣ የጠገነውን ራሱ ያፈርሳል። ባል ያላት ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ባል የሌላት እሑድ ጠዋት ከጎረቤት ትሰማዋለች።

የእኔውን ክቡር ጠቅላይ አናጺ ብዬ እጠራቸዋለሁ። ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ማዕረግ ይገባቸዋል፤ ሌላ ያገኙት ነገር የለም።

ክቡርነታቸው ሁለት አባባል አላቸው። የመጀመሪያው ሥራ ሲጀመር ነው፤ "ለዚህ ሰው አይጠራም።" ቧንቧ ቢፈነዳ፣ ጣሪያ ቢያፈስ፣ ኤሌክትሪክ ብልጭ ብሎ መንደሩ ቢጨልም፣ ለዚህ ሰው አይጠራም። ሁለተኛው ሥራው ሲቆም ነው፤ "ከዞኮሎው በቀር አልቋል።"

ዞኮሎ ግድግዳና ወለል ሲገናኙ የሚቀረውን ክፍተት የሚሸፍነው ቀጭን እንጨት ነው። እኛ ፊንላንዶች ደግሞ ከዞኮሎ ጋር የማይገባኝ ጠብ አለን። ወንዱ መሠረት ይቆፍራል፣ ግድግዳ ያቆማል፣ ጣሪያ ያለብሳል፤ ዞኮሎው ላይ ሲደርስ አንዳች ነገር እጁን ይይዘዋል። የእኛ ቤት ዞኮሎ ልጃችን በተወለደች ዓመት ተገዛ፣ ነጭ ቀለም ተቀባ፣ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ እንዲቆይ ተደረገ። ልጃችን ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት። እንጨቱ አሁንም ኮሪደሩ ላይ ነው። ለገና መብራት እንሰቅልበታለን።

ወጥ ቤቴንም የሠሩት እሳቸው ናቸው። የምድጃውን በር ስከፍት የማንኪያው መሳቢያ አይከፈትም፤ መሳቢያውን ስከፍት ምድጃው አይከፈትም። ማንኪያ አስቀድሞ ማውጣት ነው፤ የረሳ በሹካ ያማስላል። ይህን ስነግራቸው ቆመው ብዙ አሰቡና ሰው አስቀድሞ ማቀድ መልመድ አለበት አሉኝ።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሳቸው ዓሣ ሊያጠምዱ ሄደው ሳሉ፣ ባለሙያ ጠራሁ። የመታጠቢያው ቧንቧ ለሦስተኛ ጊዜ ጎረቤት ድረስ አፍስሶ ነበር። ሰውየው ገና ካቻቢቴውን ሳያወጣ ክቡርነታቸው ደረሱ። አልተቆጡም። ኮፍያቸውን አወለቁና ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ባለሙያውን አሳዘኑት፤ ባትሪ ይያዙልኝ አላቸው። ያዙለት። ማታ ለልጃችን ስልክ ደውለው "ቧንቧውን ሠራነው" ሲሉ ሰማኋቸው።

የሥራዎቻቸው ሁሉ አክሊል ግን ሳውናው ነው።

ስለ ሳውና ሕጉ አንድ ነው። መደቡ ላይ የተቀመጠ ሰው የእግሩ ጣት እንፋሎት እንዲነሣ ውሃ ከሚደፋበት ከምድጃው ድንጋይ ከፍ ማለት አለበት። ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል፤ ከድንጋዩ በታች የቀረ እግር ይቀዘቅዛል። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ይህን ግን ማንም ሊያስተምረኝ አያስፈልግም። እኛ መንደር በእግዚአብሔር የሚጠራጠር ሰው አለ፣ በዚህ የሚጠራጠር የለም።

ችግሩ ክቡርነታቸው ገዝተው ያመጡት ምድጃ ቁመቱ የሙሽራ ሚዜ ያህል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይመልሰዋል። እሳቸው መደቡን ከፍ አደረጉት። መደቡ ከፍ ሲል ጣሪያው ቀረበ። ጣሪያው ሲቀርብ አንገት መደፋት ግድ ሆነ። በመሰላል እንወጣና ጭንቅላታችንን ደፍተን፣ አገጫችንን ደረታችን ላይ አሳርፈን በተርታ እንቀመጣለን። የደብራችን ቄስ አንድ ቀን ተጋብዘው መጡና፣ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ትሑት ጉባኤ አይቼ አላውቅም አሉ።

እንዲህ ሆነን እንኖር ነበር፤ እናቴ ዳሌዋን እስክትሰብር ድረስ።

እናቴ አይሊ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። ጫካው ዳር ብቻዋን ትኖር ነበር። በጥር እንጨት ተሸክማ ስትገባ ደጃፏ ላይ ወደቀች። ሐኪም ቤት ጠገኗት፤ ነገር ግን በምርኩዝ ሆነች፣ ደረጃ መውጣት አቃታት፣ ብቻዋን መኖርም ቀረ። ኢሳልሚ ከተማ ባለው የአረጋውያን ቤት አንድ ክፍል ተገኘላት። ወይ እዚያ ትገባለች፣ ወይ ከእኛ ጋር ትሆናለች። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ሐኪም ቤት ትቆይና መልስ ትስጥ ተባለ።

ክቡርነታቸው የገዛ መሥሪያ ክፍላቸውን ለቀቁ። ትራፓኖውም መጋዙም አልጋችን ሥር ገባ። ሌሊት ስገላበጥ አንዳች ነገር ይንቋቋል። ክፍሉን በዚያው የበረዶ ወራት ለእናቴ አዘጋጁት፤ መስኮቱን ወደ ሐይቁ አዞሩ፣ በሩን ለምርኩዝ እንዲመች አሰፉ። አለቀ። ከዞኮሎው በቀር።

በመጋቢት እናቴን አምጥተን አሳየናት። ዞራ ዞራ አየችና ክፍሉ ጥሩ ነው አለች። በእሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ከዚያ በምርኩዟ ጫፍ የግድግዳውን ሥር ነካ አደረገች።

"ይሄ ክፍተት ለአይጦቹ ነው?"

"ከዞኮሎው በቀር አልቋል፣ እማማ።"

"አውቃለሁ። ልጄን ያገባህ ጊዜም እንዲሁ ነበር ያልከኝ።"

ከዚያ ሳውናውን ልይ አለች። ሰው እናቴን የማያውቅ ከሆነ ይህ ትንሽ ነገር ይመስለዋል። እሷ ራሷ በዘመኑ ልማድ የተወለደችው ሳውና ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ ሳትገባ የቀረችበት ሳምንት ዳሌዋ እስኪሰበር አልነበረም። ከወደቀች ወዲህ ግን በገንዳ ነበር የምትታጠበው። ስለ ሕመሟ አንድ ቀን ሳታጉረመርም ስለ ገንዳው በየቀኑ ታጉረመርም ነበር።

በሩ ላይ ቆማ መሰላሉን አየች፣ መደቡን አየች፣ ጣሪያውን አየች።

"እዚያ ላይ የሚሰፍረው ዶሮ ነው" አለች።

ታች ወንበር እናደርግልሻለን አልኳት። እንደ ሰደብኳት ሁሉ ዞራ አየችኝ። "ታች የሚቀመጠው ሕፃንና ሰካራም ነው። የአረጋውያኑ ቤት ይሻለኛል። ሳውናው የኤሌክትሪክ ነው፣ ረቡዕ ረቡዕ ነርስ አጠገብሽ ቆማ ነው የምትታጠቢው ይላሉ። ቢያንስ እዚያ ሁሉም እኩል ይቀዘቅዛል።"

ወደ ሐኪም ቤት ስመልሳት መንገዱን ሙሉ ስለ አየሩ አወራን። ነገር ከተቆረጠ በኋላ የምከራከር ሴት አይደለሁም። ነገር ግን ያን ማታ ባዶውን ክፍል በር ዘግቼ ስወጣ እጄ መዝጊያው ላይ ቆየ። እናቴ ሐይቁን የማታይበት፣ የማላውቃት ነርስ ጀርባዋን የምታሽበት ቦታ ልትሄድ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ የባሌ መደብ ነው።

መደቡን ዝቅ አድርገው አልኩት።

"ዝቅ ካለ እግሯ ከድንጋዩ በታች ይሆናል።"

"ታዲያ ምን ይሁን?"

ተነሥቶ ሜትሩን ፈለገ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሜትሩን ይዞ ሳውናው ውስጥ ይቀመጣል። ምድጃውን እንደ ጠላት ያየዋል። አንድ ቀን ለዚህ እንኳ ሰው ብንጠራ ብዬ ነበር፤ የሚሰጠኝን መልስ ስለማውቅ እኔው አልኩለት፤ "አዎ፣ ለዚህ ሰው አይጠራም።"

እንግዲህ ወደዚያ በረዶ ቀላቅሎ ወደሚዘንብበት ቅዳሜ ደረስን። ለወፎቹ ጥሬውን ሰቅዬ ስጨርስ ንዴቴ መጣና ተመልሼ ሄድኩ። እናቴ በሚቀጥለው ቅዳሜ የስንብት ያህል ልትመጣ ነው፣ ሰኞ መልሷን ትሰጣለች፣ አንተ ደግሞ የቀረንን ወለል ታፈርሳለህ አልኩት። ከዚያ በላይ ብዙ አልኩት። ኦይቫ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ ሁሉንም ሰማኝ። ላቡን በክንዱ ጠረገና በጣቱ መጀመሪያ መደቡን፣ ቀጥሎ ጉድጓዱን አሳየኝ።

"እሷ መውጣት ካቃታት ምድጃው ይውረድ" አለ።

እዚህ ላይ ማዕረጉን ለጊዜው ላንሳለት። በዚያች ሰዓት ጠቅላይ አናጺ አልነበረም፤ እርጥብ ጭቃ የተቀባ፣ አፍንጫው የቀላ፣ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነበር። ሄጄ ወፍራም ካልሲ አመጣሁለት።

ሳምንቱን ሙሉ አልተኛም ማለት ይቻላል። ጉድጓዱን አጥልቆ በሲሚንቶ ለበጠ፣ ምድጃውን ከጎረቤት ጋር ሆኖ አወረደ፣ የጭሱን ቧንቧ ቀጠለ። ረጅሙን መደብ ቆርጦ ከወገብ በታች አደረገው፣ አንድ ሰፊ መርገጫ ብቻ ተወለት። የእጅ መያዣ እንጨት ፈልጎ ሲያጣ የጀልባችንን አንዱን መቅዘፊያ ግድግዳው ላይ መታው። ከዚያ ወዲህ ሐይቁ ላይ ስንወጣ በክብ ነው የምንዞረው፤ ዓሣውም ለምዶናል። እሳት ለማንደድም ተንበርክኮ ጉድጓዱ ውስጥ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል፤ የድሮው ትሕትናችን እንዳይጠፋ።

ቅዳሜ እናቴን ይዤ ገባሁ። ኦይቫ ደጅ ቀረ፤ በእኛ ዘንድ ሴቶቹ ይቀድማሉ። ከበሩ ውጭ እንጨት የሚያስተካክል መስሎ ያንኑ እንጨት ከቦታ ቦታ ሲያነሳና ሲጥል ይሰማኛል።

እናቴ መቅዘፊያውን አየች። ያዘችው። መርገጫው ላይ ወጣች፣ ተቀመጠች፣ እግሮቿን ዘረጋች። ከዚያ ጎንበስ ብላ መጀመሪያ የእግሯን ጣቶች፣ ቀጥሎ ታች ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ድንጋይ አየች። ደግማ አየች። ጭልፋውን ስጭኝ በሚል እጇን ዘረጋች። ውሃውን ድንጋዩ ላይ ደፋችው፤ እንፋሎቱ ተነሥቶ እኩል ሸፈነን። ዓይኗን ጨፍና ቆየች። በጉንጯ የወረደው ላብ ይሁን ሌላ አልጠየቅኳትም።

ደጅ እንጨቱ መንቀሳቀስ አቆመ።

"ኦይቫ!" ብላ ተጣራች።

"አቤት፣ እማማ።"

"የክፍሌን ዞኮሎ መቼ ነው የምትመታው?"

የክፍሌን አለች። እኔም ሰማሁ፣ እሱም ሰማ። 

"ሰኞ" አለ ከደጅ።

"የትኛው ሰኞ?"

ደጅ እንጨቱ እንደገና ይነሣ፣ ይወድቅ ጀመር። እናቴ ወደኔ ዞራ "ይሞቃል" አለችና ሌላ ጭልፋ ደፋች።

ይህ ከሆነ ሁለት ክረምት አልፏል። የክፍሏ ዞኮሎ በሦስቱ ግድግዳዎች ላይ ተመቷል፤ ከኮሪደሩ ክምር ተወስዶ። አራተኛው ላይ ሲደርስ እናቴ ራሷ አስቆመችው። የምጨቃጨቅበት ይቅርልኝ አለች። የሳሎኑና የወጥ ቤቱ እንደነበረ ነው። ድሮ ያን ክፍተት ባየሁ ቁጥር ያቃጥለኝ ነበር። አሁን ስጠርግ አየዋለሁ፤ አንዳንዴ እንዲያውም ኮሪደሩ ላይ የቀረውን እንጨት እቆጥራለሁ፤ እንዳያልቅ ነው የምሰጋው። ዞኮሎው ያለቀ ዕለት ይህ ሰው ምን ይዞ ይነሣል?

ማንኪያዬን አሁንም አስቀድሜ አወጣለሁ።

ክቡርነታቸው በዚህ ሰዓት ወጥ ቤት ናቸው፤ መሳቢያውን ነቅለው መሬት ላይ በደረታቸው ተኝተዋል። እናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ውሃ ልኩን ይዛላቸዋለች፤ ወደ ግራ አዘንብሏል ትላለች።