ቦራ የገደለው እንግዳ

እኛ ሰዎች መልካም ዜና ሲደርሰን «እስቲ ይጣራ» እንላለን። ክፉ ወሬ ሲመጣ ግን ማጣራት ነውር ነው፤ ሰው ሞተ ሲባል «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ ምን ዓይነት ጨካኝ ነው? ድሮ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይባል ነበር። ያኔ ወሬ አፋፍ ለመድረስ ቢያንስ ዳገቱን በእግሩ መውጣት ነበረበት፤ ይደክመዋል፣ ውሃ ይጠማዋል፣ አንዳንዱም ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ዛሬ በስልክ ነው የሚሄደው። አይደክመውም። እናንተም ብትሆኑ ዛሬ ጠዋት ሳታነቡ ያጋራችሁት ነገር አይጠፋም። ግድ የለም፣ እኔ ካደረግሁት አይብስም።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውስጥ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ድሮ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋ ነበር፤ አሁን ጥሩምባው እኔ ነኝ። በእድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ነፍስ ይማር» ብዬ ከጻፍኩ ሌላ ማስረጃ አይፈለግም፤ ወንዶቹ ድንኳን ሊያወጡ ወደ ዕቃ ቤት ይሮጣሉ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይወጣሉ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የእድራችን አባል የእትዬ ብርቄን ክፍል ተከራይቶ የከረመ ፒተር የሚባል ረጅም የሆላንድ ቱሪስት እንጦጦ ወጥቶ ፈረስ ጋለበ። ፈረሱ ቦራ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ከባለቤቱ ከጋሽ ቱሉ በቀር ማንንም የማይሰማ፣ ግን ክፋት የማያውቅ ፈረስ። ፒተር የራሱን ፎቶ ለማንሳት ልጓሙን ለቀቀ፤ የባሕር ዛፉ ቅርንጫፍ ደግሞ እንግዳ ነው ብሎ አላሳለፈውም። ወደቀ። ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ጋሽ ቱሉ ደግፈው አስፋልቱ ድረስ አወረዱትና ታክሲ ውስጥ አስገቡት። አደጋው ይኸው ነው፤ ሌላ የለም።

አንድ መንገደኛ ግን ጋላቢ ሳይኖረው የሚሮጠውን ቦራን ቀርጾ «ቱሪስቱን ፈረስ ጣለው» ብሎ ለጠፈው። ቪዲዮው ግሩፓችን ውስጥ ሲገባ ምሳ እየበላሁ ነበር። በግራ እጄ «ያሳዝናል፣ ነፍስ ይማር» ብዬ ጻፍኩ። ለምን? ልማድ ነዋ! ጣቴ እዚያ ግሩፕ ላይ ሌላ ነገር ጽፎ አያውቅም።

ምሳዬን ሳልጨርስ ወሬው ሩቅ ሄደ። ፈረንሳይ ላይ አንድ የነበረው ሟች ሲ.ኤም.ሲ ሲደርስ ከነሚስቱ ሞተ፤ ኮተቤ ሲደርስ ደግሞ ፈረሱ ከዚህ በፊትም ሰው የገደለ አመለኛ መሆኑ ተረጋገጠ። ማን እንዳረጋገጠው አትጠይቁኝ። «ይህ ፈረስ ይገደል» የሚሉም በዙ። ጋሽ ቱሉ ይህን ሲሰሙ ቦራን እየሳቡ ጫካ ለጫካ ወደ ካራ ሰፈር ወርደው እህታቸው ግቢ ደበቁት። ሌላ ፈረስ የላቸውም። የቤቱ ኑሮ በሙሉ ቦራ ጀርባ ላይ ነው ያለው።

ፒተር ያን ጠዋት ፈረስ ሊጋልብ መውጣቱን እትዬ ብርቄ ያውቁ ስለነበር፣ ሟቹ እሱ መሆኑን የተጠራጠረ የለም። በአባል ቤት ያረፈ እንግዳ ቢሞት እንደ ቤተሰብ ይለቀስለታል የሚል ደንብ አለን። ስለዚህ አሥር ሰዓት ላይ እትዬ ብርቄ በር ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ ንፍሮ እየዞረ፣ እሳቸው «በሰው አገር የቀረህ ልጄ!» እያሉ ደረታቸውን ይደቁ ነበር። ይሄኔ ፒተር ከክሊኒክ በክራንች ከተፍ አለ። ለቅሶ ባለበት ዝም ብሎ አይታለፍም ብለው ያስተማሩት ራሳቸው እትዬ ብርቄ ናቸው። ኮፍያውን አውልቆ ገባና አጠገቤ ተቀመጠ። አብዛኞቻችን መልኩን አናውቀውም፤ የሟች ወንድም መስሎን ተነስተን «እግዚአብሔር ያጽናህ» አልነው። ከሆላንድ በምን ፍጥነት ደረሰ ብሎ ያሰበ የለም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነን።

«ማን ነው የሞተው?» አለኝ በተሰባበረች አማርኛው።

«አንድ የሆላንድ ቱሪስት… ፈረስ ጥሎት።»

የታሰረ እግሩን አየት አደረገ። «በደንብ ታውቀው ነበር?»

«አሁን ገና እየተዋወቅን ነው» አልኩት፤ እኔም የታሰረውን እግሩን እያየሁ።

እትዬ ብርቄ ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ሙሾው መሃል ላይ እልል ሆነ! ተቃቀፍን፣ አለቀስን፣ ሳቅን። ንፍሮው ያው ንፍሮ ነው፤ ግን እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም።

እዚያው ሆኜ «ሟቹ በሕይወት አለ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ብዬ ለጠፍኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። አደረ። አልጠራም። ማስተባበያዬን የወደዱት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ራሱ ሟቹ ነው። ጋሽ ቱሉ ቦራን ይዘው ወደ እንጦጦ ቢመለሱም ወላጆች ገና ከሩቅ ሲያዩት ልጆቻቸውን ይስባሉ። ሽማግሌው ሳምንቱን ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የፈረሱን ጋማ ሲያበጥሩ ዋሉ። ሄጄ አየኋቸው። በጣም አፈርኩ።

ፒተር ይህን ስነግረው «የሞትኩት እኔ ነኝ፤ እኔው ልመስክር» ብሎ ተነሳ። በማግስቱ ክራንቹን ለጋሽ ቱሉ አስይዞ ቦራ ላይ ወጣና በሰው ፊት ከወዲያ ወዲህ ተንሸራሸረ። ስልክ ያለው ሁሉ ቀረጸ። ፈረንጁ ከላይ፣ ክራንቹ በሽማግሌው እጅ። ፒተር ገና ሳይወርድ «ክራንች ያስጣለው የእንጦጦ ፈረስ!» የሚል ጽሑፍ አገር አዳረሰ።

ነፍሰ ገዳዩ ቦራ በአንድ ቀን ሐኪም ሆነ። ቁርጥማት ያለበት፣ ወገቡን የሚያመው፣ አንገቱ የማይዞርለት ሁሉ ዳገቱን እያለከለከ መጣ። እኔም ከስህተቴ የተማርኩ ሰው አይደለሁ? ስልኬን አውጥቼ ቀረብኩ።

«ጋሽ ቱሉ፣ ይህንን ላስተባብልልዎ?»

«አንተ ሰው፣» አሉኝ፣ «እባክህ ያቺን ጣትህን ኪስህ ውስጥ ክተታት!»

እሳቸው ግን ሐቀኛ ናቸው፤ ለሚወጣው ሁሉ «ፈረስ ነው፣ አያድንም» ብለው በግልጽ ይናገራሉ። ሰዉ «ትሕትናቸውን አያችሁ?» እያለ ይሰለፋል።

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ እውነቱን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ጉልበቴ ግን አያውቅም። ባለፈው ቅዳሜ በሰልፉ ላይ አራተኛ ነበርኩ። የትም አልጻፍኩትም እንጂ፣ ከፈረሱ ስወርድ ሻል ብሎኛል።